ከገዛ ቤት ደጅ መቅረት
(በካምፓላ ከተማ ስለ መዝጊያ፣ ስለ መክፈቻና ስለ አደራ)

በሰው ላይ ከሚደርሱት ጥቃቅን መከራዎች መካከል ተመልካችን የሚያስቅ፣ የደረሰበትን ግን የሚያሳፍርና የሚያስጨንቅ አንድ ነገር ቢኖር ሰው ከገዛ ቤቱ ደጅ መቅረቱ ነው። ባለቤቱ እንግዳ ለመሸኘት ለአፍታ ያህል ከቤቱ ይወጣል፤ ነፋስ መዝጊያውን ይገፋዋል፤ መክፈቻውም በውስጥ ከጠረጴዛው ላይ እንደ ተቀመጠ ቤቱ ይቆለፋል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ሰው ቤቱን የሠራ፣ ግብሩን የከፈለ፣ ልጆቹን በውስጡ ያሳደገ ቢሆንም እንኳ በመዝጊያው ዘንድ ከመንገደኛ አይለይም። በመስኮት ቢገባ ሌባ ይመስላል፤ መዝጊያውን ቢሰብር የገዛ ገንዘቡን ያጠፋል፤ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ዝናብ ይመታዋል።

ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚፈታ ሲሆን እንደ ጨዋታ ይነገራል። ዳሩ ግን አንባቢ ሆይ፣ በውስጡ ለአስተዳዳሪም ለነጋዴም ከባድ የሆነ ጥያቄ ተሰውሮበታል። ይኸውም፦ ከደጅ የቆመው ሰው የቤቱ ጌታ መሆኑ በምን ይታወቃል? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሦስት ምስክሮች ይቆጠራሉ። አንደኛው መክፈቻው ነው። ሁለተኛው «ይህ የእገሌ ቤት ነው» ብሎ የሚናገር ጎረቤት ነው። ሦስተኛው በመንግሥት መዝገብ የተጻፈው ወረቀት ነው። እነዚህ ሦስቱ ምስክሮች ምን ያህል እንደሚጸኑ በገሃድ የተፈተኑበት ከተማ ቢፈለግ የዩጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ከፊተኞቹ ተርታ ትቆማለች። ከዚህ በታች የሚነበበውም በዚያች ከተማ ስለ ሆነው ነገር ነው። የዓመቱ ቁጥር ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት ስለ ቁልፉ ጥቂት መናገር ይገባል። የአባቶቻችን የእንጨት መቀርቀሪያ በሰው እጅ ካልተገፋ በራሱ ፈቃድ አይዘጋም ነበር፤ ስለዚህ ሰው ሳያስበው ከደጅ አይቀርም። በዛሬው የከተማ ቤት የሚገኘው ቁልፍ ግን ምላሱ በአንድ ወገን ተዳፍቶ የተሞረደ ነው፤ ከበስተኋላውም ጠመዝማዛ ሽቦ ይገፋዋል። መዝጊያው ሲመለስ ምላሱ በመቃኑ ብረት ተጭኖ ይገባና ቀዳዳውን ሲያገኝ ተወርውሮ ይቆለፋል። ሊነስ ዬል የተባለው አሜሪካዊ በ1861 እና በ1865 የፈጠራ መብት የተቀበለበት ቁልፍ ደግሞ በሆዱ ውስጥ ርዝመታቸው የተለያየ ትናንሽ ዘንጎች ተደርድረውበታል። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ ዘንጎቹን ሁሉ በልካቸው ያነሣቸዋል፤ የዚያን ጊዜ ቁልፉ ይዞራል። ይህም ሐሳብ የጥንት ግብጻውያን በእንጨት ቁልፋቸው ከሺህ ዓመታት በፊት የሠሩበት ነው። እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ ቁልፍ የጥርሱን ልክ እንጂ የሰውን ፊት አያውቅም። መክፈቻ የያዘ ሁሉ ለእርሱ ጌታ ነው፤ መክፈቻ ያልያዘ ሁሉ ለእርሱ ባዕድ ነው።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ትምህርት ይሰጣል። በአማርኛ የሚዘጋውንም የሚከፍተውንም በአንድ ስም «ቁልፍ» ማለት የተለመደ ነው። በትግርኛ ግን የሚከፍተው «መፍትሕ» ይባላል። ሥሩ ከግእዙ «ፈትሐ» ሲሆን ይህ ግስ ፈታ ማለትም ነው፤ ፈረደ ማለትም ነው። ስለዚህ መክፈቻ፣ መፍትሔና ፍትሕ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በካምፓላ ዙሪያ የሚነገረው የሉጋንዳ ቋንቋም መክፈቻን «ኤኪሱሙሉዞ» ይለዋል፤ ይህም «ኦኩሱሙሉላ» ማለትም ከእስራት መፍታት ከሚለው ግስ የወጣ ነው። እጅግ የተራራቁ ሕዝቦች ለአንዲት ትንሽ ብረት ስም ሲያወጡ በአንድ ሐሳብ መገናኘታቸው ያስደንቃል።

ካምፓላ በኮረብቶች ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። በመንጎ ኮረብታ የቡጋንዳ ንጉሥ ቤተ መንግሥት፣ በናሚሬምቤ የአንግሊካን፣ በሩባጋ የካቶሊክ ካቴድራል፣ በኪቡሊ መስጊድ ይታያሉ። ከኮረብቶቹ በታች ባለው የንግድ ሰፈር የቆሙት የቀድሞ ሕንጻዎች ብዙዎቹ በሕንዳውያን ነጋዴዎች የተሠሩ ናቸው። የብዙዎቹ ልማድ ከፊት ወይም ከምድር ሱቅ፣ ከኋላ ወይም ከሰገነት የቤተ ሰብ መኖሪያ ማድረግ ነበር። እንዲህ ባለው ቤት የሚኖር ነጋዴ መዝጊያው ቢዘጋበት ከመኝታውም ከእንጀራውም በአንድ ጊዜ ይለያል። በከተማይቱ የብረት መዝጊያና በመስኮት ላይ የተገጠመ የብረት ፍርግርግ እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ፣ መክፈቻውን በውስጥ ረስቶ የወጣ ሰው በመስኮት ልግባ ቢል አይሆንለትም። ሌባን ይከላከልልኛል ብሎ ያስገጠመው ብረት እርሱንም እንደ ሌባ ይከለክለዋል።

በዚያች ከተማ ከገዛ ደጃቸው በገሃድ ከተዘጋባቸው ሰዎች ፊተኛው ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ። በ1953 የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ኦሊቨር ሊተልተን ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ፌዴሬሽን የተናገሩት ቃል በቡጋንዳ ታላቅ ሥጋት አስነሣ። ካባካ ዳግማዊ ሙቴሳም ግዛታቸው ከቀረው ዩጋንዳ ተለይቶ ነጻነቱ እንዲወሰንለት ጠየቁ። አገረ ገዥው ሰር አንድሩ ኮኸን በኅዳር 30 ቀን 1953 የንጉሡን ሹመት ዕውቅና ነፍገው በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ አገር ሰደዷቸው። ቤተ መንግሥታቸው በቦታው ነበረ፤ ሕዝባቸውም የቤቱን ጌታ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን መክፈቻው በሌላ እጅ ነበረ። ሕዝቡ በጽናት ስለ ጠየቀና በውል ስለ ተስማማ ንጉሡ በጥቅምት 17 ቀን 1955 ወደ ካምፓላ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ የጎረቤት ምስክርነት ከመክፈቻ በረታ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ግን የከፋ ሆነ። ዩጋንዳ በጥቅምት 1962 ነጻ ከወጣች በኋላ ሙቴሳ በ1963 የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሚልተን ኦቦቴ ጋር ተጣልተው በግንቦት 24 ቀን 1966 በኢዲ አሚን የሚመራ ጦር የመንጎን ቤተ መንግሥት ወጋው። ንጉሡ የግቢያቸውን አጥር ዘለው ሸሹ። በ1967 የነገሥታት ግዛቶች በሕግ ተሻሩ፤ ቤተ መንግሥቱ የወታደር ሰፈር ሆነ፤ ቡላንጌ የተባለው የቡጋንዳ ምክር ቤት አዳራሽም ለመከላከያ መሥሪያ ቤት ዋለ። ሙቴሳ በኅዳር 21 ቀን 1969 በሎንዶን ከተማ አረፉ፤ አፅማቸው በ1971 ተመልሶ በካሱቢ የነገሥታት መቃብር ተቀበረ። ልጃቸው ሮናልድ ሙቴቢ በሐምሌ 31 ቀን 1993 ዘውድ ሲጭኑ፣ የቀድሞ ነገሥታትን ንብረት ለመመለስ በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት የቤቱ ወራሾች ወደ ቤታቸው ለመግባት በቁ። በሁለቱ መካከል ያለፈው ጊዜ 27 ዓመት ነው።

ሦስተኛው ነገር ነጋዴዎችን ይመለከታል፤ ለብዙ ሰውም የደረሰ ነው። ሕንዳውያን በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ከጥንት ጀምሮ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው። ከ1896 እስከ 1901 ከሞምባሳ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የተዘረጋው የምድር ባቡር ሲሠራ ከሠላሳ ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች ከሕንድ መጡ። አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ቢመለሱም ጥቂቶቹ ቀሩ፤ ነጋዴዎችም ተከትለው ገቡ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በካምፓላና በጂንጃ ተወለዱ፤ ጥጥ ዳመጡ፤ ስኳር ጨመቁ፤ ጨርቅና ጨው ቸረቸሩ። በሌላ ወገን ደግሞ የቅኝ ገዢው መንግሥት ሥርዓት አፍሪካዊውን ከጅምላ ንግድና ከጥጥ መዳመጫ አርቆ ስላኖረው በአገሬው ሰው ልብ ቅሬታ ተከማችቶ ነበር። ይህ ቅሬታ ምክንያት ነበረው፤ ያለ ሕግ የተፈታበት መንገድ ግን ሁሉን ጎዳ።

በነሐሴ 4 ቀን 1972 ኢዲ አሚን በቶሮሮ ከተማ ለወታደሮች ሲናገሩ የብሪታንያ ፓስፖርት ያላቸው ሕንዳውያን በ90 ቀን ውስጥ ከአገር እንዲወጡ አዘዙ። ትእዛዙ እየሰፋ ሄዶ የሕንድ፣ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ዜጎችንም ጨመረ። የዩጋንዳ ዜጎች ነን ያሉትም ወረቀታቸው ተመርምሮ ብዙዎቹ ተቀባይነት ሳያገኙ ቀሩ። የመጨረሻው ቀን ኅዳር 8 ቀን 1972 ነበር። ይዘው እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ገንዘብ ለአንድ ቤተ ሰብ 50 ፓውንድ ያህል ብቻ ነው። ከ27,000 የሚበልጡት ወደ ብሪታንያ፣ ከ6,000 የሚበልጡት ወደ ካናዳ፣ የቀሩትም ወደ ሕንድና ወደ ሌላ አገር ተበተኑ። በዚያም ቢሆን ደጁ ሁሉ ክፍት አልነበረም፤ የእንግሊዝ ከተማ የሌስተር ምክር ቤት በመስከረም 1972 በዩጋንዳ አርጉስ ጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥቶ ወደ ሌስተር እንዳይመጡ መክሮአቸው ነበር። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ወደዚያው ሄዱ።

ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ከቤታቸው ሲወጡ እንደ ማንኛውም ባለቤት መዝጊያቸውን ቆልፈው ነው። አንዳንዱ መክፈቻውን ለጎረቤት፣ አንዳንዱ ለቆየ ሠራተኛው በአደራ ሰጠ፤ አንዳንዱም በኪሱ ይዞት ሄደ። ዳሩ ግን ቁልፍ የሰውን ፊት አያውቅም ብለናል። መዝጊያዎቹ በአዲስ እጅ ተከፈቱ፤ 5,655 ያህል የንግድ ድርጅቶች፣ እርሻዎችና የከብት ማርቢያዎች ለአዲስ ባለ ይዞታዎች እንደ ተከፋፈሉ ተጽፎአል። ይህን የሚቆጥሩት ድርጅቱን እንጂ የቤት ዕቃውንና መኪናውን አይደለም። በድንገት የከበሩትን ሰዎች ሕዝቡ በስዋሂሊ «ማፉታ ሚንጊ» ማለትም «ብዙ ቅባት» ብሎ ሰየማቸው። ሱቅ የደረሰው ሰው መደርደሪያው ላይ ያገኘውን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ሌላ ዕቃ ለማምጣት ደንበኛም፣ ብድርም፣ የንግድ ደብዳቤም አልነበረውምና ብዙው ሱቅ ባዶ ቀረ። ስኳር፣ ጨውና ሳሙና ከገበያ ጠፉ፤ በድብቅ የሚሸጥበትም «ማጌንዶ» የተባለው ንግድ ነገሠ። የሱቅ ሀብቱ በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ብቻ አለመሆኑን፣ በነጋዴው ስምና በታማኝነቱ ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ ነጋዴ አንባቢያችን ያለ ብዙ ቃል ይረዳዋል።

መንግሥቱ የተተወውን ንብረት የሚጠብቅ ቦርድ በ1973 አዋጅ አቋቋመ። የቦርዱ ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የሄዱ እስያውያን ንብረት አደራ ጠባቂ ቦርድ» ይሆናል። ጣልያኖች «ኩስቶዴ» የሚሉትና እንግሊዞች በዚህ ስም ያስገቡት ቃል ከአንድ የላቲን ሥር የወጣ ሲሆን ትርጉሙ ዘበኛ፣ ጠባቂ ማለት ነው። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 የጠላት ዜጎችን ገንዘብ የሚይዝ ሹም በዚሁ ስም ሰይመው ነበር። እንግዲህ ይህን ቃል በአማርኛ «አደራ ጠባቂ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ብዕሩን ጥቂት ገታ ማድረግ ይገባዋል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላልና፣ በእኛ ዘንድ አደራ ማለት ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ ንብረቱን እንደ ነበረ አቆይቶ ለመመለስ በእግዚአብሔር ፊት የተገባ ቃል ነው። ባለቤቱ እንዲወጣ ያስገደደው ራሱ መክፈቻውን ከያዘ፣ ዕቃውንም ሳይቆጥርና ሳይመዘግብ ካደለ፣ ስሙ አደራ ጠባቂ ይባል እንጂ ግብሩ ሌላ ነው።

ሆኖም ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ አልሞተም ነበር፤ ይኸውም መዝገቡ ነው። በዩጋንዳ የቤትና የመሬት ባለቤትነት በመዝገብ ሹም ዘንድ ይጻፋል፤ ለባለቤቱም የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። አሚን በሚያዝያ 1979 ከካምፓላ ተባረሩ። ቀጥሎ የመጣው መንግሥት በ1982 ስለ ተወሰዱ ንብረቶች ሕግ አወጣ። በዚህም ሕግ የቀድሞው ባለቤት ለገንዘብ ሚኒስትሩ አመልክቶ ሲፈቀድለት የማስመለሻ ምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ የመዝገቡም ሹም በዚያ ወረቀት መሠረት ስሙን ይመልስለታል። ለማመልከቻው የተወሰነው የመጀመሪያው ጊዜ 90 ቀን መሆኑን ልብ ይሏል፤ ለመውጣት 90 ቀን፣ ለመመለስም 90 ቀን። አገሩ ገና በጦርነት ውስጥ ስለ ነበረ በዚያን ጊዜ የተመለሰው ጥቂት ነው። ዮዌሪ ሙሴቬኒ በጥር 1986 ካምፓላን ከያዙ በኋላ፣ በተለይም በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የመመለሱ ሥራ በብርቱ ተካሄደ። የካኪራን የስኳር ፋብሪካ የመሠረተው የማድቫኒ ቤተ ሰብና የሉጋዚው የሜህታ ቤተ ሰብም ተመልሰው ፈርሰው የቆዩትን ፋብሪካዎች እንደገና አቆሙ።

መመለሱም ቢሆን ያለ ችግር አልነበረም። ከሎንዶን ወይም ከቶሮንቶ ወረቀቱን ይዞ የመጣው ሽማግሌ የገዛ ደጁን ሲያንኳኳ የሚከፍትለት ሌላ ቤተ ሰብ ነው። ያም ቤተ ሰብ ምናልባት ለመንግሥት ኪራይ እየከፈለ ሃያ ዓመት የኖረ፣ ጣራውን ያደሰ፣ በቤቱ ውስጥ ልጅ የወለደ፣ በ1972 ስለ ሆነው ነገር ግን እጁ የሌለበት ሊሆን ይችላል። ባለ ወረቀቱ «የኔ ነው» ይላል፤ ባለ መክፈቻው «የት ልሂድ?» ይላል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ስለዚህ አንድ መዝጊያ ያለ ፍርድ በተሰበረ ጊዜ የሚጎዳው አንድ ቤተ ሰብ ብቻ አለመሆኑ ይታያል፤ ሲሰበር አንዱ፣ ሲጠገን ሌላው ከደጅ ይቀራል። ጉዳዩ እንዲህ የተወሳሰበ ስለ ሆነ ሰዎቹ ከወጡ ከ47 ዓመት በኋላ እንኳ በ2019 የዩጋንዳ ፓርላማ ንኡስ ኮሚቴ የእነዚህን ንብረቶች አያያዝ ሲመረምር ነበር። በ1995 የወጣው የአገሩ ሕገ መንግሥት ደግሞ በ26ኛው አንቀጽ፣ የማንም ሰው ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ቢወሰድ እንኳ ተገቢው ካሣ ንብረቱ ከመያዙ በፊት እንዲከፈል ያዝዛል። «ከመያዙ በፊት» የምትለዋ ቃል ብዙ ዋጋ የተከፈለባት ቃል ናት።

ይህን ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ብሎ ማለፍ ለእኛ አይቻልም። በኢትዮጵያ በ1975 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ ብዙ ባለቤቶች ለራሳቸው ቤት ኪራይ ሲከፈል ቆመው ተመልክተዋል። በ1998 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜም ከሁለቱም ወገን ሰዎች ቤታቸውን ቆልፈው፣ ወይም ለጎረቤት አደራ ብለው፣ ድንበር ተሻግረዋል፤ ሄግ ላይ የተቋቋመው የካሣ ኮሚሽን በ2004 በሰላማዊ ሰዎችና በንብረታቸው ጉዳይ የሁለቱን መንግሥታት አቤቱታ መርምሮ ውሳኔ ሰጥቶአል። የመንግሥታት ክርክር በውሳኔ ይዘጋል፤ በጎረቤት እጅ የቀረ መክፈቻ ግን ሰውየው እስኪመጣ ድረስ ይጠብቃል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለዕለት ሥራ የሚሆን ምን ይገኛል? ለነጋዴው እንዲህ ማለት ይቻላል። ሁለተኛ መክፈቻ ከቤት ውጭ በታመነ ሰው እጅ ይኑርህ፤ የቤትህና የሱቅህ ወረቀት ደግሞ ቅጅው በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ያለ መክፈቻ እንደማይጠቅም፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የቀረ ብቸኛ ወረቀትም አይጠቅምም። ከጎረቤትህም ጋር በሰላም ኑር፤ መክፈቻህ ሲጠፋና መዝገብህ ሲቃጠል የሚቀርልህ ምስክር እርሱ ነው።

ለአስተዳዳሪው ደግሞ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። ባለቤቱ የሌለበትን ቤት ማሸግ የግድ በሆነ ጊዜ ዕቃው በምስክሮች ፊት ይቈጠር፤ ዝርዝሩ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጅ በመዝገብ ቤት፣ ሌላው ባለቤቱ ወይም ወራሹ ሊያገኘው በሚችልበት ስፍራ ይቀመጥ። ቤቱ ቢከራይም ኪራዩ በማን ስም እንደ ተቀመጠ ይታወቅ፤ ለሚገባውም ተከራይ ቤቱ የአደራ መሆኑ በመጀመሪያው ቀን ይነገረው። ከሁሉ በላይ ግን መዝገቡ አይነካ። የካምፓላ ነጋዴዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ለመመለስ የቻሉት መዝጊያቸው ጠንካራ ስለ ነበረ አይደለም፤ መዝጊያው በአንድ ቀን ተከፍቶ ነበርና። የመለሳቸው በአንድ ጸሐፊ እጅ በተጻፈ መስመር ላይ ስማቸው ሳይፋቅ ስለ ቆየ ነው።

የግእዙን ቃል ያቆዩልን ሊቃውንት መክፈቻንና ፍርድን ከአንድ ሥር ሲያወጡ ነገሩን አስቀድመው ያስተዋሉት ይመስላል። ነፋስ ለዘጋው ቤት ብረት ሠሪ ይበቃዋል፤ ሰው ለዘጋው ቤት ግን ፍትሕ እንጂ ሌላ መክፈቻ አልተሠራለትም።